የፎርሙላ 1 የፊት ክንፍና የዳውንፎርስ ሚዛን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እሁድ ውድድር አብረውኝ የሚያዩ ሰዎች ጥያቄያቸው በሞተር ይጀምርና ዞሮ ዞሮ አፍንጫው ላይ ይደርሳል። ያቺ ፊት ለፊት ያለችው ነገር ምን ትሠራለች? ስትሰበር ለምን ይህን ያህል ይደነግጣሉ? ጎማ ሲቀየር መካኒኩ ምን ያዞርባታል? በየሳምንቱ ከመደጋገም አንድ ቦታ ላሰባስበው ብዬ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የፊት ክንፍ ሥራው ምንድን ነው?

ሁለት ነው። አንዱን ሁሉም ያውቀዋል፦ የፊት ጎማዎችን ወደ አስፋልቱ መጫን። ጎማ መንገድ የሚይዘው በተጫነው ልክ ነው። ጭነቱን አሸዋ ወይም ብረት በመጫን ብንጨምረው ግን መኪናው ራሱ ከበደ ማለት ነው፤ ኩርባ ላይ ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይልም አብሮ ያድጋልና ትርፍ የለውም። አየር ግን ጎማውን ይጫናል እንጂ መኪናውን አያከብድም። ይህን ወደ ታች የሚጫን የአየር ኃይል ነው ዳውንፎርስ የምንለው።

ሁለተኛው ሥራው ብዙ አይወራለትም፤ እኔ ግን ከመጀመሪያው ይበልጣል ባይ ነኝ። ክንፉ አየሩን ከሁሉም ቀድሞ ያገኛል። የፊት ጎማው፣ የፍሬን ማቀዝቀዣው፣ በጎን ያለው ራዲያተር፣ ወለሉ፣ የኋላ ክንፉ፣ ሁሉም የሚደርሳቸው ከእሱ ያለፈው ነው። በመስኖ ከወንዙ ራስ ያለው ገበሬ ውሃውን እንዴት እንደለቀቀው የታችኞቹን ማሳ ይወስን የለም? እንደዚያ ነው። ስለዚህ ጥሩ የፊት ክንፍ የግድ ብዙ ዳውንፎርስ የሚሰጠው አይደለም። ለራሱ መጠነኛ ወስዶ ለወለሉ ንጹሕ አየር የሚያሳልፈው ሊበልጥ ይችላል። በዘመኑ መኪና ትልቁን ዳውንፎርስ የሚያመጣው ወለሉ ነውና።

ክንፍ ከሆነ መኪናውን ለምን አያነሳውም?

ተገልብጦ ስለተሠራ። የአውሮፕላን ክንፍ ጉብጡ ወደ ላይ ነው፤ የዚህኛው ወደ ታች።

“አየሩ ከላይ ስለሚጫነው ነው” የሚለው መልስ ግን ግማሽ እውነት ነው። ክረምት ሲገባ ነፋስ የቤት ጣሪያ ቆርቆሮ ሲነቅል አይተው ከሆነ ነገሩን ያውቁታል። ቆርቆሮውን የሚያነሳው ከታች የገባው ነፋስ ብቻ አይደለም፤ በላዩ እየተጣደፈ የሚያልፈው አየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ወደ ላይ ይመጠዋል። ፈጣን አየር ባለበት ግፊቱ ዝቅ ይላል። ያንን ቆርቆሮ ገልብጡትና የፊት ክንፍ አገኛችሁ፦ አየሩ የሚጣደፈው በሆዱ ሥር ነው፤ መመጠጡም ወደ መሬት ነው። ከላይ የሚጫነው አየር ድርሻ አለው፣ ዋናው ሥራ ግን የሚሠራው ካሜራው በማያየው በታችኛው ገጽ ነው። የስፖንሰሩ አርማ ከላይ ተለጥፎ እናየዋለን፤ መሐንዲሱ እንቅልፍ የሚያጣው ስለ ሥሩ ነው።

መሬት ሊነካ እስኪደርስ ለምን ዝቅ ይላል?

ሰፊ ወንዝ በሁለት ድንጋይ መካከል ሲጠብ ይፈጥናል። ክንፉና አስፋልቱም እንደ ሁለቱ ድንጋዮች ናቸው። ክፍተቱ በጠበበ መጠን በመካከሉ የሚያልፈው አየር ይፈጥናል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ክንፉም ይበልጥ ወደ መሬት ይሳባል። ይህ ግን ወሰን አለው። ከልክ በላይ ሲጠጋ አየሩ መተላለፊያ ያጣል፤ ከክንፉ ገጽ ይላቀቅና ኃይሉ ይወድቃል። አሽከርካሪው መሪውን አዙሮ መኪናው ወደፊት ብቻ ሲሄድበት አስቡት።

ከመሬት ጋር ስላለው ነገር ካነሳን አይቀር፣ የ1990ው ቲረል 019 መኪና መነሳት አለበት። መሐንዲሶቹ ሃርቪ ፖስትልዌይትና ዣን ክሎድ ሚዦ አፍንጫውን ወደ ላይ አነሱት፤ ክንፉን ከሁለት በኩል ወደ ታች አንጠለጠሉት። ብዙ አየር በአፍንጫው ሥር ወደ ወለሉ እንዲገባ ነው ያሰቡት። መጀመሪያ ሲያዩት የሳቁ ነበሩ ይባላል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን አፍንጫው ያልተነሳ መኪና ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ።

“የዳውንፎርስ ሚዛን” ሲባል ምን ማለት ነው?

ከጠቅላላው ዳውንፎርስ ስንት በመቶው በፊት ጎማዎች ላይ፣ ስንት በመቶው በኋላዎቹ ላይ አረፈ ማለት ነው። ብዙ ሰው የዳውንፎርስ መጠን ላይ ያተኩራል። ፈጣን ዙር የሚወጣው ግን አሽከርካሪው የሚያምነው መኪና ሲኖረው ነው፤ እምነቱ ደግሞ ከመጠኑ ይልቅ ከአከፋፈሉ ይመጣል።

ፊቱ ካነሰ መሪው ቢዞርም መኪናው በቀጥታ መንሸራተት ይፈልጋል፤ አንደርስቲር ነው። ኋላው ካነሰ ጅራቱ ያመልጥና መኪናው በራሱ ላይ ሊዞር ይቃጣዋል፤ ይህ ኦቨርስቲር ነው። የመጀመሪያው ጊዜ ይበላል፣ ሁለተኛው መኪና ይሰብራል። ስለዚህ መሐንዲሶች የአየሩን ጭነት ከመኪናው የክብደት ማዕከል ጥቂት ወደ ኋላ ማጋደሉን ይመርጣሉ። የክብደቱ ክፍፍል ራሱ በሕግ የተጠበበበት ጊዜ አለ፦ በ2011 መኪናው ቢያንስ 640 ኪሎ መሆን ነበረበት፤ ከዚህ ውስጥ ፊቱ ከ291፣ ኋላው ከ342 ኪሎ እንዳያንስ ተወሰነ። ለመጫወቻ የቀረችው 7 ኪሎ ብቻ ናት። ክብደት ማዘዋወር እንዲህ ሲጠብ፣ ሚዛን የሚስተካከልበት ዋናው እጅ ክንፍ ይሆናል።

አሁን ብዙዎች የሚስቱት ነገር። የፊት ክንፉ የተቀመጠው ከፊት ጎማዎቹ በላይ ሳይሆን ከእነሱ ቀድሞ ነው። ስለዚህ እንደ ሚዛን እንጨት ይሠራል። ለምሳሌ ክንፉ ከፊት ጎማዎች አንድ ሜትር ቀድሞ 100 ኪሎ ቢጫን፣ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት ደግሞ 3.5 ሜትር ቢሆን፣ የፊት ጎማዎች የሚያገኙት 100 ሳይሆን 129 ኪሎ ያህል ነው። ትርፉ 29 ኪሎ ከየት መጣ? ከኋላ ጎማዎች ላይ ተነሥቶ። የፊት ክንፍ ሲጨመር ፊቱ ብቻ አይከብድም፣ ኋላውም ይቀልላል። ለዚህ ነው ትንሽ ማስተካከያ ትልቅ ለውጥ የሚያመጣው። የኋላ ክንፉም ከኋላ ጎማዎቹ አልፎ ስለተቀመጠ ይህንኑ በተቃራኒው ያደርጋል።

ታዲያ ፊቱንም ኋላውንም እስከ መጨረሻ ቢጨምሩትስ?

ኩርባ በበዛባት ሞናኮ ላይ የሚያደርጉት እሱን ነው ማለት ይቻላል። ክንፍ የሚሰጠው በነጻ ግን አይደለም፤ ወደ ኋላ ይጎትታል። ሞንዛ ላይ መኪናው አብዛኛውን ዙር ነዳጅ ረግጦ ስለሚሄድ ይህ ጉተታ በቀጥታው መንገድ ያስከፍላል። ስለዚህ የኋላ ክንፉን ያሳሱታል። ኋላው ከሳሳ ደግሞ ፊቱም በዚያው ልክ መሳሳት አለበት፤ አለበለዚያ ሚዛኑ ወደ ፊት ይሄድና መኪናው ፍሬን ላይ ይቅበጠበጣል። የሞንዛን የፊት ክንፍ ስታዩ ፍላፖቹ (ከዋናው ክንፍ ኋላ የተደረደሩት ትናንሽ ክንፎች) እንደተከረከሙ የምታስተውሉት ለዚህ ነው።

መካኒኩ ፒት ስቶፕ ላይ ክንፉ ላይ የሚያዞረው ምንድን ነው?

ከዋናው ክንፍ ኋላ የተደረደሩትን ፍላፖች አንግል። ዋናው ክንፍ አይነካም። አንድ መካኒክ በግራ፣ አንዱ በቀኝ መሣሪያቸውን ያስገቡና በታዘዘው ቁጥር ያዞሩታል። ሥራው ጎማ እየተቀየረ ስለሚያልቅ ጊዜ አይወስድም።

ለምን ይቀየራል? የኋላ ጎማ እያለቀ ሲሄድ ኋላው መንገድ መያዝ ያቅተዋል። ሬዲዮው ላይ አሽከርካሪው ስለ ኋላው ያማርራል፤ ቀጣዩ ማቆሚያ ላይ ከፊት ክንፉ ይቀነሳል። ኋላው ላይ ምንም አልተጨመረም፤ ሚዛኑ ግን ወደ ኋላ ተመለሰ። ፊቱ እምቢ ካለ ደግሞ ተቃራኒው ነው። የኋላ ክንፍ አንግል በውድድር መሃል ስለማይነካ፣ ቡድኑ እጁ ላይ የሚቀረው የአየር ማስተካከያ ይሄ ብቻ ነው።

መኪናው ፊቱ ካልታዘዘ ሁልጊዜ ችግሩ ክንፉ ነው?

አይደለም። እዚህ ላይ ፍጥነትን መጠየቅ ያስፈልጋል።

የአየር ኃይል በፍጥነት ልክ ብቻ አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ላይ 500 ኪሎ የሚጫን ክንፍ በ50 ላይ የሚጫነው 20 ኪሎ ብቻ ነው። የሞናኮዋ የሆቴል ኩርባ ከ50 በታች የሚታለፍባት ናት፤ እዚያ ላይ ክንፉ ጌጥ ነው ማለት ይቀላል። እዚያ የሚወስኑት ሞላው፣ ስታቢላይዘሩ፣ ዲፈረንሻሉና ጎማው ናቸው። ሲልቨርስቶን ላይ ኮፕስ በሚባለው ፈጣን ኩርባ ግን ሁሉም ነገር አየር ነው።

ስለዚህ መሐንዲሱ “ፊቱ አይታዘዝም” ሲባል ቀድሞ የሚጠይቀው የት ነው ብሎ ነው። በፈጣን ኩርባ ብቻ ከሆነ ክንፍ ይጨመራል። በዝግታ ኩርባ ብቻ ከሆነ ክንፍ መጨመር መድኃኒቱ አይደለም፤ እንዲያውም በፈጣኑ ላይ ጅራቱን ያስለቅቀዋል። ከ2022 በኋላ ባሉት መኪናዎች አሽከርካሪዎች ሲያማርሩበት የነበረው ይሄው ነው፦ በዝግታ ኩርባ ፊቱ ያንሳል፣ በፈጣን ኩርባ ኋላው ያመልጣል። አንዱን ሲያክሙት ሌላው ይታመማል። ይህን አስታውሱት፤ ስለሚታጠፉ ክንፎች ስናወራ ይመለሳል።

ሚዛኑ በአንድ ዙር ውስጥ ይቀያየራል?

በየሰከንዱ። ፍሬን ሲረገጥ አፍንጫው ይሰግዳል፣ ኋላው ይነሳል። ክንፉ ወደ መሬት ይጠጋል፣ ኃይሉ ይጨምራል፣ ሚዛኑ ወደ ፊት ይሮጣል። ቁልቁለት ስትወርድ ጭነቷ ወደ አንገቷ የሚንሸራተትባት አህያ ናት። ጥሩ ጫኝ ጭነቱን የሚያስረው ለሜዳው ሳይሆን ለቁልቁለቱ ነው፤ መሐንዲሱም እንዲሁ ፍሬን ላይ ኋላው እንዳይቀልል አስቦ ነው የሚያሰላው። ከዚያ መሪ ሲዞር የፊት ጎማው ራሱ አየሩን ይቀይረዋል፤ ከጎን ነፋስ ሲመጣም እንዲሁ። ነዳጅ ሲረገጥ ደግሞ ጀርባው ይቀመጥና ፊቱ ይነሳል።

አሽከርካሪው “መኪናው አይገመትም” ካለ ብዙ ጊዜ ትርጉሙ ዳውንፎርስ አነሰ ሳይሆን፣ ሚዛኑ በእነዚህ ቅጽበቶች መካከል ሳይጠበቅ ዘለለ ነው።

ጫፎቹ ላይ ያለው ቅርጽ ለምን ይህን ያህል ተወሳሰበ?

ከኋላቸው የሚሽከረከር ጎማ ስላለ። ያልተሸፈነ ጎማ አየሩን ያተረማምሰዋል፤ ያ የተተረማመሰ አየር ወደ ወለሉ ከገባ ዳውንፎርሱን ያበላሸዋል። ስለዚህ የክንፉ ጫፍና እዚያ የቆመው ግድግዳ አየሩን ወደ ጎማው ውጭ እንዲገፋ ይደረጋል።

ከ2009 ጀምሮ ሕጉ የክንፉን መሃል 500 ሚሊ ሜትር ለሁሉም አንድ ዓይነት አደረገው፤ ዳውንፎርስ እንዳይሰጥ። መሐንዲሶች ግን ከዚያ እገዳ ጥቅም አወጡ። ከመሃል መስመሩ 250 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ፣ ገለልተኛው ክፍል አልቆ ሥራ ያለው ክፍል በሚጀምርበት መገናኛ ላይ ጠንካራ የአየር አዙሪት ይፈጠራል። ዋይ 250 ብለው ሰየሙት፤ የጎማውን ቆሻሻ አየር ከወለሉ እንዲያርቅ አደረጉት። የከለከላችሁንን ነገር መሣሪያ አደረግነው ማለታቸው ነው፤ እኔ እንዲህ ያለውን ብልጠት ስለምወድ ነው ያነሳሁት።

በ2019 ክንፉ ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ሰፍቶ ጫፎቹ እንዲቀልሉ ተደረገ። ወዲያው ሁለት መንገድ ተፈጠረ። ፌራሪና አልፋ ሮሜዮ የፍላፖቹን ውጫዊ ጫፍ ዝቅ አድርገው አየሩን ወደ ውጭ አስወጡት። መርሴዲስና ሬድቡል ጫፉን ከፍ አድርገው ከክንፉ ራሱ ዳውንፎርስ ወሰዱ። በ2022 የክንፉ ቁርጥራጮች ከአራት እንዳይበልጡ ተወሰነ፤ መልኩም ያኔ ነው ቀለል ያለው።

ከኋላ ጫፉ ላይ ቀጥ ብላ የቆመች ትንሽ ጠርዝ አያለሁ፤ ምንድን ናት?

ገርኒ ፍላፕ ናት። ዳን ገርኒ በ1971 ባቢ ኧንሰር መኪና ሲሞክር ቆርጦ የገጠማት ቀላል የብረት ጠርዝ ናት። አየሩን ከክንፉ ኋላ ትጎትተዋለች፤ በጣም ትንሽ ሆና ዳውንፎርስ ትጨምራለች። ክንፉን ሳይቀይሩ ሚዛን ለማስተካከል ከዚህ የረከሰ ዘዴ የለም።

ከፊት ያለን መኪና ሲጠጉ ፊቱ ለምን እምቢ ይላል?

ቀዳሚው መኪና አየሩን በልቶት ስላለፈ። የተከታዩ የፊት ክንፍ የሚያገኘው የደከመና የተተረማመሰ አየር ነው፤ መጀመሪያ የሚጎዳውም ፊቱ ስለሆነ ሚዛኑ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። አሽከርካሪው መሪውን አብዝቶ ያዞራል፣ የፊት ጎማው ይፋጫል፣ ይግላል፤ ከሁለት ዙር በኋላ ወደ ኋላ ቀርቶ ጎማውን ማቀዝቀዝ ይገደዳል።

የ2022ው ሕግ የተጻፈው ለዚህ ነበር። ፎርሙላ 1 ራሱ ባወጣው ቁጥር፣ የቀድሞው መኪና ከፊተኛው በ20 ሜትር ርቀት ላይ 35 በመቶ፣ በ10 ሜትር ላይ 46 በመቶ ዳውንፎርሱን ያጣ ነበር። ለአዲሱ የታሰበው 4 እና 18 በመቶ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ላይ መከተል በእርግጥ ቀሎ ነበር። በኋላ ግን ቡድኖቹ አየሩን ወደ ውጭ የመግፋት ጥበባቸውን መልሰው ስላገኙ፣ ያ ጥቅም በየዓመቱ ሲሸረሸር በዓይናችን አየን።

ክንፉ ሲታጠፍ በቴሌቪዥን አያለሁ፤ ተፈቅዷል?

ፈጽሞ የማይታጠፍ ነገር የለምና ሕጉ የሚያስቀምጠው የልክ ጉዳይ ነው። መኪናው ቆሞ ክንፉ ላይ ጭነት ይደረጋል፣ ምን ያህል ወረደ ተብሎ ይለካል። የቡድኖቹ ጥበብ ፈተናውን ማለፍና በፍጥነት ላይ ግን መታጠፍ ነው።

ለምን ይፈልጉታል? ከላይ አስታውሱት ያልኩት ችግር መድኃኒቱ ይሄ ስለሆነ። በዝግታ ኩርባ ክንፉ ቀጥ ብሎ ፊቱን ይይዛል። በፍጥነት ላይ ፍላፑ ወደ ኋላ ይተኛል፣ የፊት ድርሻ ይቀንሳል፣ ኋላው ይረጋጋል። አንድ ክንፍ ሁለት ሆኖ ይሠራል፤ ሞተር የለ፣ ቁልፍ የለ።

በ2010 ክረምት የሬድቡል ክንፍ ጫፍ ወደ መሬት ሲወርድ ታየና ወሬው ጦፈ። ፈተናው ከ50 ወደ 100 ኪሎ ከፍ ተደረገ። በ2025 ደግሞ ከስፔን ግራንድ ፕሪ ጀምሮ በ100 ኪሎ ጭነት የሚፈቀደው መውረድ ከ15 ወደ 10 ሚሊ ሜትር ጠበበ። ማክላረን ይወድቃል ብለው የጠበቁ ብዙ ነበሩ። ባርሴሎና ላይ የማክላረን አሽከርካሪዎች ፒያስትሪ አንደኛ፣ ኖሪስ ሁለተኛ ወጡ።

ክንፍ ሁሉን ይወስናል ለሚሉ ሌላ ታሪክ ልጨምር። በዚያው በ2010 ሲልቨርስቶን ላይ ሬድቡል ለሁለቱ አሽከርካሪዎቹ ለፌትልና ለዌበር ሁለት አዲስ የፊት ክንፍ አመጣ። የፌትል ቅዳሜ ጠዋት ተበላሸ። ቡድኑ ከዌበር መኪና ላይ ፈትቶ ለፌትል ሰጠው። ፌትል ፊት ሆኖ ተነሣ፤ እሁድ ያሸነፈው ግን አሮጌውን ክንፍ የገጠመው ዌበር ነው። ሲጨርስ በሬዲዮ ለሁለተኛ ሹፌር መጥፎ አይደለም ብሎ ነገር ወረወረ።

ክንፉ ተሰብሮ መቀጠል ይቻላል?

ጥቂት ቁራጭ ከሄደ ይቻላል፤ መኪናው ፊቱን ያጣል፣ ጎማ ይበላል፣ ግን ይሄዳል። የተንጠለጠለ ክንፍ ግን ሌላ ነገር ነው። በ2013 ማሌዥያ ላይ የፌራሪው አሽከርካሪ አሎንሶ በመጀመሪያው ዙር ከፌትል ጋር ተነካክቶ ክንፉ ተሰነጠቀ። ፌራሪ ሳያስገባው ቀረ። ሁለተኛው ዙር ሲጀምር ክንፉ ተነቅሎ ከመኪናው ሥር ገባ፤ አሎንሶ መሪውም ፍሬኑም ሳያግዘው ጠጠሩ ላይ ቆመ።

እሱ ዕድለኛ ነበር። ኤፕሪል 30 ቀን 1994 ኢሞላ ላይ በማጣሪያው ሮላንድ ራትዘንበርገር ከመንገድ ወጥቶ ተመልሶ ነበር። በሚቀጥለው ዙር የሲምቴክ መኪናው የፊት ክንፍ በሙሉ ፍጥነት ተሰበረ፤ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ ግድግዳ ገጭቶ ሞተ። ዳኞች ክንፉ የተንጠለጠለበትን መኪና ግባ ሲሉ “ውድድር አበላሹ” የሚሉ ሰዎችን ስሰማ ይህ ቀን ትዝ ይለኛል።

ክንፍ ወደ ፎርሙላ 1 መቼ ገባ?

በ1968። ግራም ሂል ሞናኮን ያሸነፈባት ሎተስ 49ቢ አፍንጫዋ ላይ ትናንሽ ክንፎች ነበሯት። ወዲያው ስፓ ላይ ፌራሪና ብራባም የኋላ ክንፍ ይዘው መጡ። በዚያው ዓመት ክንፎቹ በረጅም እግር ላይ ቆመው ታዩ፤ በ1969 ባርሴሎና ሞንዡይክ ላይ የሂልና የቡድን ጓደኛው የሪንት መኪናዎች ክንፋቸው ተሰብሮ አንድ ቦታ ላይ ተጋጩ። ቀጣዩ ሞናኮ ላይ በልምምዱ መሃል ከፍተኛ ክንፍ ታገደ። ዝቅ ብሎና ከአካሉ ጋር ተያይዞ ተመለሰ።

ያለ ፊት ክንፍ መሄድም ተሞክሯል። ሎተስ በ1979 ሎተስ 80ን ሲሠራ ዳውንፎርሱ ሁሉ ከወለሉ ይመጣል ብሎ ነበር። የአየሩ ጭነት ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየሸሸ መኪናው መንጠር ጀመረ፤ ክንፉ ተመልሶ ተገጠመ፣ መኪናዋም ብዙ ሳትቆይ ተተወች። ወለል ኃይል ይሰጣል፤ ሚዛን የሚጠብቅለት ግን ይፈልጋል።

አዲስ አበባ ላይ ቢወዳደሩ ክንፉ ይሠራል?

ይሠራል፣ ግን ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ቦሌ የሚነሣ አውሮፕላን ረጅም ሩጫ የሚፈልገው በዚሁ ምክንያት ነው።

ግምት ብቻ አይደለም፤ ሜክሲኮ ሲቲ ከኛ ብዙም ሳትርቅ 2,200 ሜትር ላይ ግራንድ ፕሪ ታስተናግዳለች። እዚያ የሞናኮን ትልቅ ክንፍ ይገጥማሉ፤ የሚያገኙት ዳውንፎርስ ግን የሞንዛን ያህል ነው። ስስ አየር ጉተታውንም ስለሚቀንሰው ትልቅ ክንፍ ገጥመው በቀጥታው ከ350 በላይ ይበራሉ። ሚዛኑ ግን ፊትና ኋላ እኩል ስለሚሳሱ ብዙ አይዛባም፤ የሚቸግረው ፍሬንና ሞተር ማቀዝቀዝ ነው።

በ2026 ምን ተለወጠ?

ክንፎቹ መንቀሳቀስ ጀመሩ፤ የፊቱም የኋላውም። ቀጥታ ላይ ሁለቱም ይተኛሉ፣ ኩርባ ላይ ሁለቱም ይነሣሉ። የፊቱ ክንፍ 100 ሚሊ ሜትር ጠቧል።

ከ2011 እስከ 2025 የነበረው ዲ አር ኤስ የኋላ ክንፉን ብቻ ነበር የሚከፍተው። ኋላው ብቻ ሲቀልል ሚዛኑ ወደ ፊት ይሮጣል፤ ቀጥታ መንገድ ላይ ካልሆነ አደገኛ ነው። አሁን ሁለቱ አብረው ስለሚተኙ ሚዛኑ ብዙም ሳይነቃነቅ ጉተታው ይቀንሳል። ሐሳቡ ፈጽሞ አዲስ ግን አይደለም፦ በ2009 እና በ2010 አሽከርካሪው ራሱ የፊት ፍላፑን በዙር ሁለት ጊዜ፣ እስከ 6 ዲግሪ ድረስ መቀየር ይችል ነበር። ብዙም ጥቅም ላይ ሳይውል ቀረ።

መኪናው ተገልብጦ ጣሪያ ላይ መሄድ ይችላል የሚባለው እውነት ነው?

በሒሳብ አዎ፤ 200 ሳይሞላ ዳውንፎርሱ ከክብደቱ ይበልጣል። በተግባር ዘይትና ነዳጁ ወደ ላይ አይፈስም። በ2025 እንግሊዛዊቷ ማክመርትሪ ስፒየርሊንግ ተገልብጣ ቆማለች፤ እሷን ግን የያዛት ከሥሯ አየር የሚመጥ ፋን ነው እንጂ ክንፍ አይደለም።

ቪትዜ ላይ ክንፍ ብገጥምስ?

ለመልክ ከሆነ ይገጠም። በከተማ ፍጥነት የሚጭነው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ቀለበት መንገድ ላይ ፈጥነው ቢሄዱ ደግሞ ያቺን የሚዛን እንጨት አስታውሱ፦ ከኋላ ጎማው አልፎ የተገጠመ ክንፍ ሲጫን ፊቱን ያነሣል። የቪትዝ ሞተር የሚያሽከረክረውም መሪው የሚያዞረውም የፊት ጎማውን ነው።